የድኝ ቅርፊትን ከሂት ኤክስቼንጀር ማስወጣት፦ አሲዱን ከመክፈታችሁ በፊት

ከዓመታት በፊት ነው። ካዛንቺስ አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ፣ እኔና ረዳቴ አንድ ጀሪካን የባትሪ አሲድ ይዘን ሂት ኤክስቼንጀሩ (ሙቀትን ወደ ውሃው የሚያስተላልፈው ባለ ቱቦ ዕቃ) ፊት ቆመናል። እንግዶች «ሻወሩ ለብ ከማለት አያልፍም» እያሉ ሳምንቱን ሙሉ ሲያማርሩ ከርመዋል። ቱቦዎቹን ነጭ ድንጋይ ሸፍኗቸዋል። አሲድ ድንጋይ እንደሚበላ ሰምተናል፤ ሌላ የምናውቀው የለም። አፈሰስነው። ለአምስት ደቂቃ ያህል ግሩም አድርጎ ተንተከተከ። ከዚያ ጸጥ አለ። «ጋሼ፣ ጨረሰው!» አለኝ ረዳቴ። ጠዋት ክዳኑን ስንፈታ ድንጋዩ እንዳለ አለ። ላዩ ላይ ደግሞ አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ፣ መፋቂያ የማይደፍረው ልብስ ደርቧል።

የሆነው ነገር ቀላል ነው። የባትሪ አሲድ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ ድኝ አለበት። ኖራውን ሲነካው ወደ ካልሲየም ሰልፌት ቀየረው። ካልሲየም ሰልፌት ማለት ኮርኒስ ላይ የምናውቀው ጀሶ ነው። አሲድ የሚበላውን ቅርፊት አሲድ በማይበላው ቅርፊት ለበጥነው፤ ያውም ገንዘብ ከፍለን።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ ድኙ በምን መልክ እንደተቀመጠ ሳላውቅ ምንም ነገር አላፈስም። ይህ መመሪያም በዚያው ቅደም ተከተል ነው የሚሄደው። መጀመሪያ መለየት፣ ከዚያ ማጠብ።

ድኙ የቱ ነው?

ድኝ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ቢጫው ድንጋይ ነው። ዳሎል ላይ መሬቱን ቀለም የቀባው፣ ሰዶምና ገሞራ ላይ «እሳትና ዲን» ሆኖ ዘነበ የሚባለው። መሃል አዲስ አበባ ባሉ ሆቴሎች፣ ላውንደሪዎችና ሆስፒታሎች ቦይለር ክፍል ውስጥ ግን ድኝ ቢጫ ለብሶ አይመጣም። ተሸፋፍኖ ነው የሚመጣው።

አንደኛው በእሳት በኩል ያለው ነው። ናፍጣ፣ በተለይ ከባድ ጥቁር ናፍጣ፣ ውስጡ ድኝ አለ። ሲቃጠል ድኙ ጋዝ ይሆናል። የጋዙ ጥቂት ክፍል ከጭሱ እርጥበት ጋር ተዋህዶ፣ ብረቱ ከ120 እስከ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝበት፣ ሰልፈሪክ አሲድ ሆኖ ያላበዋል። አሲዱ ብረቱን ይበላና ከጥቀርሻው ጋር ተለውሶ ቢጫ፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ የሚያደላ ቅርፊት ይሆናል።

ሁለተኛው በውሃ በኩል ያለው ጀሶ ነው። እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። የከተማችን ቅርፊት አብዛኛው ኖራ ነው። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣው ውሃ ለስለስ ያለ ነው፤ የአቃቂ ጉድጓድ ውሃ ማዕድኑ ከበድ ይላል። ፈረቃው ሲያጥር በቦቴ የሚመጣው ውሃ ደግሞ የየትኛው ጉድጓድ እንደሆነ ሾፌሩም ላያውቀው ይችላል። ሰልፌቱ ተቀላቅሎ የሚገባው ከእንዲህ ያለ ውሃ፣ ወይም እንደኔ ዓይነቱ ሰው ካፈሰሰው የባትሪ አሲድ ነው። የእንፋሎት ቦይለር ካላችሁ ሌላም በር አለ። ኦክስጅን እንዲያጠፋ የሚጨመረው ሶዲየም ሰልፋይት ሥራውን ሲጨርስ ሰልፌት ይሆናል። ብሎው ዳውን (የተከማቸውን የቦይለር ውሃ ከፍቶ ማፍሰስ) በሰዓቱ ካልተደረገ እየተከማቸ ይሄዳል።

ጀሶ አመሉ የተገላቢጦሽ ነው። ስኳር ሻዩ ሲሞቅ ቶሎ ይሟሟል። ጀሶ ግን ውሃው በጣም ሲሞቅ የባሰ ይረጋል። ስለዚህ ከሁሉ በላይ የሚሞቀውን ቱቦ መርጦ እሱ ላይ ይለጠፋል።

ሦስተኛው ጥቁር አተላ ነው። ለረጅም ጊዜ ቆሞ የከረመ ውሃ ውስጥ ባክቴሪያ ሰልፌቱን በልቶ የሚተወው የብረት ሰልፋይድ። በጣም አደገኛው እሱ ነው፤ እመለስበታለሁ።

የሲኒ ምርመራ

ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አንድ ሲኒ፣ አቼቶ፣ ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) እና የኤሌክትሪክ ምድጃ ይበቃል። ምርመራው የሚደረገው ደጅ ላይ ነው፤ ምድር ቤቱ ውስጥ አይሞከርም።

ከቅርፊቱ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ስባሪ ወስዳችሁ አድቅቁት። ሲኒው ውስጥ አድርጋችሁ አቼቶ አፍስሱበት። ተንተክትኮ ካለቀ ኖራ ነው። የምትፈልጉት ደህና አሲድ ብቻ ነው፤ ጀሶውን የሚመለከተውን የሶዳ ክፍል ዝለሉት። ጥቂት ተንተክትኮ ነጭ ዱቄት ከታች ከቀረ ድብልቅ ነው። ጭራሽ ዝም ካለ ጀሶ ወይም ሲሊካ (የአሸዋ ዘር የሆነ ማዕድን) ነው።

ሁለቱን ለመለየት ሌላ ስባሪ አድቅቁና በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ከሁለት የሻይ ማንኪያ ሶዳ አሽ ጋር ለአንድ ሁለት ሰዓት ቀስ እያላችሁ አፍሉት። ውሃው ሲጎድል ሙሉት። ከዚያ ዱቄቱ እስኪረጋ ጠብቁ፣ ውሃውን አጥሉት፣ በንጹህ ውሃ አራት አምስት ጊዜ አለቅልቁት። አሁን አቼቶ ጨምሩ። ቅድም ዝም ያለው ዱቄት አሁን ከተንተከተከ ጀሶ ነበር ማለት ነው፤ ሶዳው ወደ ኖራ ቀይሮታል። አሁንም ዝም ካለ ሲሊካ ነው። ያ ሌላ ጣጣ ነው፤ ባለሙያ ጥሩ።

ማለቅለቁን አትዝለሉ። ረዳቴ አንዴ ሳያለቀልቅ አቼቶውን ገለበጠበትና ሲኒው ሞልቶ ገነፈለ። «ጀሶ ነው!» ብሎ ዘለለ። የተንተከተከው የተረፈው ሶዳ ነበር።

ጥቁር አተላ ከሆነ ደግሞ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ብቻ ወስዳችሁ፣ ንፋስ በጀርባችሁ ሆኖ፣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ አንድ ጠብታ አሲድ ጣል አድርጉበት። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ከመጣ እዚያው አቁሙ።

ምድር ቤት ቀልድ አያውቅም

መሃል ከተማ ቦታ ውድ ነው። ስለዚህ ቦይለሩ ሁሌም ከመሬት በታች ይወሸቃል፤ አንድ በር፣ አንዳንዴ አንድ ጠባብ መስኮት። ኖራ በአሲድ ሲሟሟ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። 1 ኪሎ ኖራ በአዲስ አበባ ከፍታ ከ300 ሊትር በላይ ጋዝ ይሰጣል። ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል። ከብረት ሰልፋይድ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድም ከአየር ይከብዳል፤ እሱ ደግሞ መርዝ ነው። ሽታውን ተማምናችሁ እንዳትቀመጡ። መጠኑ በሚሊዮን ውስጥ 100 እጅ አካባቢ ሲደርስ አፍንጫን ያደነዝዛል። «ሽታው ጠፋ፣ ደህና ነው» ያለ ሰው የሚወድቀው ያኔ ነው።

ስለዚህ አየር ከውጭ የሚነፋ ፋን ይተከል፤ የሚነፋውም ወደ ወለሉ ይሁን። የጋዝ መለኪያ ይኑር። በሩ ላይ አንድ ሰው ይቁም። እሱም «ጓደኛዬ ወደቀ» ብሎ ዘሎ የሚገባ ሳይሆን፣ ፓምፑን አጥፍቶ እርዳታ የሚጠራ ሰው ይሁን። ቱታ፣ ረጅም የጎማ ጓንት፣ ዙሪያውን የሚዘጋ መነጽርና ቦት ጫማ የግድ ነው። ቀን ብትሠሩ ይሻላል። ሆቴሎች «እንግዳ አለ፣ ሌሊት ይሁን» ይላሉ። እኔ አሁን እምቢ እላለሁ።

ጀሶውን ማውጣት

ሐሳቡ ከሲኒው ምርመራ ጋር አንድ ነው። ጀሶን በሶዳ አሽ ወደ ኖራ መቀየር፣ ከዚያ ኖራውን በአሲድ ማሟሟት።

ዕቃው ይህን ይመስላል። ባለ 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ሙቅ ውሃ የሚችል፣ አሲድ የሚችል ፓምፕ፣ ሁለት ወፍራም ጎማ፣ ቴርሞሜትር፣ የፒኤች (የአሲድነት መጠን) መለኪያ ወረቀት። ሶዳ አሽ መርካቶ ኬሚካል የሚሸጡ ሱቆች ጋ አይጠፋም፤ ከአብያታ ሐይቅ ሲመረት የኖረ የአገር ዕቃ ነው። ብቻ «ሶዳ» ብላችሁ አትጠይቁ። ኮስቲክ ሶዳም ሶዳ ነው፣ እንጀራ ላይ የሚገባውም ሶዳ ነው። ከረጢቱ ላይ ሶዲየም ካርቦኔት የሚል ካልሆነ መልሱት።

ሂት ኤክስቼንጀሩን ከመስመሩ ለዩት። የሁለቱንም ወገን ቫልቭ ዝጉ፣ ግፊቱን ልቀቁ፣ ውሃውን አፍስሱ። ጎማውን ስትገጥሙ የፓምፑ መግቢያ ከታች፣ መመለሻው ከላይ ይሁን። በግልባጩ ከሆነ ጋዙ ላይኛው ቱቦ ውስጥ ይታሰርና ያ ቦታ ሳይነካ ይቀራል። መመለሻው ክፍት በሆነው በርሜል አፍ ላይ ወንፊት አልፎ ይውደቅ። ወንፊቱ የሚረግፈውን ቅርፊት ይይዛል፤ ካልሆነ ተመልሶ ፓምፑን ያንቃል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያና የፓምፕ ሶኬት ከእርጥብ ወለል ከፍ ብሎ ይታሰር።

መጀመሪያ ባዶ ውሃ አዙሩና የሚያፈስ ቦታ ፈልጉ። በአሲድ ከመፈለግ ይሻላል።

ከዚያ 10 ኪሎ ሶዳ አሽ በ200 ሊትር ውሃ፤ 5 በመቶ ማለት ነው። በወረቀት ላይ 1 ኪሎ ቅርፊት ከ0.8 ኪሎ በታች ሶዳ ይበቃዋል። እኔ እጥፉን እቆጥራለሁ። ሙቀቱን ከ80 እስከ 85 ዲግሪ ያዙት። የውጭ መመሪያዎች «አፍሉት» ይላሉ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ወደዚያ ስትጠጉ ፓምፑ ጠጠር የዋጠ ይመስል መንኳኳት ይጀምራል። የሚንኳኳው ውሃው መምጠጫው ላይ እየፈላ ስለሆነ ነው፤ ፓምፑን ይበላዋል። ቀዝቀዝ አድርጋችሁ ጊዜውን አስረዝሙ። 12 ሰዓት ዝቅተኛው ነው፤ ሙሉ ቀንና ሌሊት ብታዞሩት ትርፍ እንጂ ኪሳራ የለውም።

ሲያልቅ የሶዳውን ውሃ በሌላ በርሜል አስቀምጡ፤ ኋላ ይጠቅማል። ሂት ኤክስቼንጀሩን በንጹህ ውሃ በደንብ አለቅልቁ። ይህን የሚዘል ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል። የቀረው ሶዳ አሲዱን ይጨርስበታል፣ አረፋውም በርሜሉን ሞልቶ ወለሉ ላይ ይፈስሳል።

አሁን አሲዱ። የእኔ ምርጫ ሰልፋሚክ አሲድ ነው። ዱቄት ስለሆነ ለመመዘንና ለመያዝ ይመቻል፣ ከካልሲየም ጋር የሚፈጥረው ጨውም በቀላሉ ይሟሟል። ሲትሪክ አሲድ ዋህ ነው፤ ግን ኖራው ሲበዛ ራሱ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል። የሽንት ቤት አሲድ፣ ማለትም ሃይድሮክሎሪክ፣ አይዝጌ ብረት ላይ አይነካ፤ ክሎራይዱ በመርፌ እንደተወጋ ይበሳዋል። የባትሪ አሲዱን ታሪክ ነግሬያችኋለሁ። ዚንክ የተቀባ ብረት ወይም አሉሚኒየም ካለ ደግሞ ሥራውን አትጀምሩት፤ አሲዱ ሁለቱንም ይበላል፣ አሉሚኒየምን ሶዳውም አይምረው።

10 ኪሎ ሰልፋሚክ በ200 ሊትር፤ አሲዱ ወደ ውሃው፣ ቀስ በቀስ። ለብረቱ የሚስማማ ኢንሂቢተር (አሲዱ ብረቱን እንዳይበላ የሚከላከል ኬሚካል) ቀድሞ ውሃው ውስጥ ይግባ። ሙቀቱ 50 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፤ ከ60 አይለፍ። ምክንያቱን ላስረዳ፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሰልፋሚክ አሲድ ሲግል ይፈርስና ሰልፌት ይሆናል። ሰልፌቱ የሟሟውን ካልሲየም ያገኘዋል። ጀሶው ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ የዚያ ሌሊት ድራማ በአዲስ ተዋናይ።

በየ15 ደቂቃው ፒኤች ለኩ። ሲጀምር 1 ወይም ከዚያ በታች ነው። ወደ 4 ከወጣ አሲዱ አልቋል፤ ጨምሩ። አረፋው ቆሞ ፒኤቹ ዝቅ እንዳለ ለግማሽ ሰዓት ካልተንቀሳቀሰ የሚበላ ኖራ የለም፤ አፍስሱት። ከዚህ በኋላ የሚበላው ብረታችሁን ነው።

ክዳኑን ከፍታችሁ በባትሪ እዩ። ቅርፊቱ ወፍራም ከነበረ በአንድ ዙር አይወጣም። ሶዳው የሚቀይረው ላዩን ነው፤ ከሥሩ ያለው ጀሶ ገና አልተነካም። ሶዳ፣ ማለቅለቅ፣ አሲድ፣ ማለቅለቅ። ሦስት ዙር የፈጀብኝ አለ። በብረት ዘንግ ቆፍሮ ለማሳጠር የሞከረ ሰውም አውቃለሁ፤ ሁለት ቱቦ በስቶ ነው የተመለሰው።

በመጨረሻ 1 በመቶ የሶዳ አሽ ውሃ ለግማሽ ሰዓት አዙሩ፣ ከዚያ የሚገባውና የሚወጣው ውሃ ፒኤች እኩል እስኪሆን አለቅልቁ። ጓርኒሲዮኑን (የክዳኑን ማሸጊያ) በአዲስ ቀይሩ። ቡሎኖቹን በመስቀል ቅርጽ እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። ሰሌዳው ላይ በተጻፈው የሙከራ ግፊት ፈትሹ። ቅርፊት አንዳንዴ ቀዳዳ ደፍኖ ይቆያል፤ ሲጸዳ ነው እንባው የሚወርደው።

ያስቀመጣችሁት የሶዳ ውሃ አሁን ይፈለጋል። ባለቀው አሲድ ላይ ቀስ እያላችሁ ጨምሩት፤ ደጅ ላይ፣ አረፋው እየበረደ። ፒኤቹ በ6 እና በ9 መካከል ሲገባ አቁሙ። ነጭ ጭቃ ከታች ይረጋል። ጭቃው በማዳበሪያ ከረጢት ይሰብሰብና በኬሚካል ቆሻሻነት ይወገድ። ውሃው በፍሳሽ መስመር ይሂድ። የዝናብ ቦይ ውስጥ አትድፉት፤ ያ ቦይ ባንተ ይቀጡ ወንዝ ነው የሚገባው።

በእሳት በኩል

እዚህ ሥራው ቆሻሻ ነው እንጂ ውስብስብ አይደለም። በርነሩን (ነዳጁን የሚያቃጥለውን ክፍል) ከማብሪያው ቆልፉ፣ የነዳጁን ቫልቭ ዝጉ፣ ብረቱ እጅ እስኪችለው ይብረድ። ቱቦዎቹ ውስጥ ያለውን የተጠማዘዘ ቆርቆሮ አውጡ። ከዚያ በደረቁ ጀምሩ። ውሃ ቀድሞ ከነካው ጥቀርሻው ሊጥ ይሆናል። ከቱቦው ስፋት ጥቂት የሚበልጥ ብሩሽ ከዳር እስከ ዳር ግፉ፤ መሃል ላይ ወደኋላ አትመልሱት፣ ይቀረቀራል። ዱቄቱን በቫኪዩም ሰብስቡ። በመጥረጊያ ከጠረጋችሁት ማታ የምታስሉት እናንተ ናችሁ።

ከዱቄቱ አንድ ማንኪያ በሲኒ ውሃ በጥብጡና የፒኤች ወረቀት ንከሩበት። ወረቀቱ ቀይ ሆኖ 2 ወይም 3 ካሳየ አሲዱ እዚያው አለ። ያኔ 400 ግራም ሶዳ አሽ በ20 ሊትር ጀሪካን በጥብጣችሁ በመርጫ እርጩበት። የእሳት ጡቡን በላስቲክ ሸፍኑት፤ ውሃ ከጠጣ ሲሞቅ ይሰነጠቃል። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ በብሩሽ ድገሙት፣ ፒኤቹ 7 እስኪሆን እጠቡት።

ከዚያ በዚያው ቀን እሳት ይለኮስ። ቅዳሜ አጥቦ «ሰኞ እናበራዋለን» ማለት ለቀረው ድኝ ውሃ ቀድቶ መስጠት ነው። አሲዱ ቅዳሜና እሁድ አያርፍም።

ጥቀርሻው በሁለት ወሩ ከተመለሰ ችግሩ ከበርነሩ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚይዘው ኦክስጅን ባህር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህሉን ነው። ጣሊያን ፋብሪካ ውስጥ የተስተካከለ በርነር እንዳለ ከተገጠመ እዚህ አየር ያጥረዋል፤ ያጨሳል። የአየሩን መክፈቻ ወይም የነዳጁን አፍንጫ ለዚህ ከፍታ የሚያስተካክል፣ የጭስ መለኪያ ያለው ሰው አምጡ። በዓይን «ነበልባሉ ያምራል» እያለ የሚያስተካክል አይሁን። ወደ ቦይለሩ የሚመለሰው ውሃም ከ60 ዲግሪ በታች አይውረድ። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ነው አሲዱ የሚያልበው።

ጥቁሩ አተላና ቢጫው ድኝ

ጥቁር አተላ ላይ አሲድ ክልክል ነው። እርጥቡን እንዳለ ጥረጉት፤ የደረቀ የብረት ሰልፋይድ አየር ሲያገኝ ራሱን ሊያቃጥል ይችላል። የቀረውን 1 በመቶ በሆነ የፖታስየም ፐርማንጋኔት ውሃ እጠቡት። ሐምራዊው ቀለም እየጠፋ እስከሄደ ድረስ ሰልፋይድ አለ፤ ቀለሙ ሳይጠፋ ሲቆይ አልቋል። በደንብ አለቅልቃችሁ፣ የደጁን የጠብታ ምርመራ ደግማችሁ፣ የጋዝ መለኪያው ዜሮ ካለ በኋላ ብቻ ነው ስለ አሲድ የሚወራው።

ቢጫው ድኝ መሃል ከተማ አይገጥማችሁም። እንደ አዋሽ መልካሳው ሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ ድኝ አቅልጦ የሚያቃጥል ቦታ የሚሠራ ወዳጅ ካላችሁ ግን ይህን ንገሩት። ድኝ በ115 እና በ119 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል፤ ወደ 160 ሲጠጋ ደግሞ እንደ ሙጫ ይወፍራል። ስለዚህ በእንፋሎት ከ125 እስከ 145 ባለው ውስጥ አቅልጦ ማፍሰስ ነው። በነበልባል የሚያቀልጥ ሰው እሳት ያስነሳል፤ ጭሱ ደግሞ ሳንባ ይልጣል።

ሥራው ሲያልቅ እኔ ሁለት ቁጥር በማርከር ክዳኑ ላይ እጽፋለሁ፤ ቀኑንና የጭስ ማውጫውን ሙቀት። ጭሱ ከዚያ ቁጥር በ20 ዲግሪ ሲጨምር ከነዳጁ 1 በመቶ ያህሉ በጭስ ማውጫው እየሄደ ነው። የካዛንቺሱ ሆቴል ክዳን ላይ የጻፍኩት አሁንም አለ። ከሥሩ ረዳቴ በትንንሽ ፊደል «የባትሪ አሲድ ክልክል ነው» ብሎ ጨምሮበታል።